ወንድሜ ከጃፓን ሻይ ሊያመጣልኝ ነው፤ የትኛውን ልበለው?

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ ጃፓን ነው የሚማረው። በሚቀጥለው ወር ለእረፍት ይመጣል። ‹ሻይ ላምጣልሽ› ብሎኛል። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ግን ሴንቻ፣ ማቻ፣ ጊዮኩሮ፣ ሆጂቻ፣ ጌንማይቻ እያለ ይቀጥላል፤ ግራ ገባኝ። እስከ ዛሬ የጠጣሁት አረንጓዴ ሻይ ከሱፐርማርኬት የገዛሁት ባለ ከረጢቱ ነው። እሱም እንደ ኮሶ መረረኝ። ከሰዓት በኋላ ቡና ከጠጣሁ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ፣ በቡና ፈንታ የምጠጣው ነገር ነው የምፈልገው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ልዩ የሻይ ዕቃ የለኝም። ከየትኛው ልጀምር?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ወንድምሽን ሁለት እሽግ ብቻ አምጣ በይው። አንዱ ፉካሙሺ ሴንቻ፣ 100 ግራም። ሌላው ሆጂቻ፣ እሱም 100 ግራም። ማቻውንና ጊዮኩሮውን ለጊዜው እዚያው ይተዋቸው። ከቸኮልሽ እዚህ ላይ ማቆም ትችያለሽ። ምክንያቱን ካልሽ ግን ትንሽ ረዘም ይላል።

ከምሬቱ ልነሳ። ያ እንደ ኮሶ የመረረሽ ሻይ ራሱ ደካማ ሊሆን ይችላል። ከረጢት ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ድቃቂ ነው፤ ድቃቂ ደግሞ ያለውን ሁሉ ባንዴ ይለቃል። እኔ ግን ከሻዩ ይልቅ ውሃውን ነው የምጠረጥረው። እኛ ቤት ሻይ የሚፈላው እየተንተከተከ ነው። ቅጠሉ ይገባል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይከተላል፣ የተረፈውን ምሬት ስኳሩ ይሸፍነዋል። ቀይ ሻይ ይህን ሁሉ ይችለዋል። አረንጓዴው አይችለውም።

ለምን? ቅጠሉ ውስጥ ጣዕሙን የሚወስኑ ሦስት ነገሮች አሉ። ካቴኪን ምላስ ይይዛል፤ መራራም ነው። ካፌይንም መራራ ነው። ሦስተኛው ቲአኒን ይባላል። እሱ ነው ጣፋጭነቱንና ያንን ጃፓኖች የሚወዱትን መረቅ መረቅ የሚል ለዛ የሚሰጠው። ቲአኒን ለብ ባለ ውሃም ይወጣል። ካቴኪንና ካፌይን ግን ውሃው በጋለ ቁጥር እየበዙ ነው የሚወጡት። ስለዚህ ያው አንድ ቅጠል በ70 ዲግሪ ለስላሳ ሆኖ በሚፈላ ውሃ ደግሞ ፊት የሚያስጨማድድ ይሆናል። «አረንጓዴ ሻይ አልወድም» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ በትክክል የተዘጋጀ አረንጓዴ ሻይ ቀምሰው አያውቁም።

ለሴንቻ የሚመከረው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ግዢ አልልሽም። አዲስ አበባ መሆንሽም እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈላውን ውሃ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ ስትገለብጪው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወደ ሌላ ብርጭቆ ስትገለብጪው እንደገና ይወርዳል። ጃፓን ውስጥ ሦስቴ የሚገለበጠው አንቺ ዘንድ ሁለቴ ይበቃዋል። ብርጭቆውን በእጅሽ ይዘሽ ሳትለቂ መቆየት ከቻልሽ ለሴንቻ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንግባ። ስማቸው ቢበዛም ተክሉ አንድ ነው። ውሽውሽ ላይ የሚለቀመው ሻይና በጃፓኗ የሻይ አገር በሺዙኦካ የሚለቀመው አንድ ዓይነት ተክል ናቸው። ቀይና አረንጓዴ የሚለያዩት ከተለቀሙ በኋላ ነው። ለቀይ ሻይ ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ታሽቶ፣ አየር እየነካው እንዲጠቁር ይተዋል። ለአረንጓዴው ገና ትኩስ ሳለ በሙቀት ይመታና መጥቆሩ ይቆማል። ቻይናዎች በአብዛኛው በጋለ ብረት ምጣድ ያምሱታል። ጃፓኖች በእንፋሎት ነው የሚያበስሉት። የጃፓኑ ሻይ ሣር ሣርና ባህር ባህር የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህ ሽታ ለጀማሪ እንግዳ ነው፤ አንዳንዱ ሰው «የተቀቀለ ጎመን» ይለዋል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ግን እየናፈቀው ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ልዩነት የሚያመጡት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ነው ያደገው ወይስ ጥላ ሥር፤ እንፋሎት ላይ ስንት ሰኮንድ ቆየ፤ የፀደይ ለጋ ቅጠል ነው ወይስ የበጋ፤ መጨረሻ ላይ ተቆላ ወይስ አልተቆላም። ወንድምሽ ሱቅ ገብቶ ባለሱቋን እነዚህን ቢጠይቅ ስሙን ባያውቀውም የሚገዛውን ያውቃል። በነገራችን ላይ፣ ጃፓን ስለኖረ ብቻ ሻይ ያውቃል ብለሽ አትመኚ። እዚያም ወጣቱ ሻይ የሚጠጣው ከመንገድ ዳር ማሽን በፕላስቲክ ጠርሙስ ገዝቶ ነው። በማንቆርቆሪያ አዘጋጅቶ የማያውቅ ሞልቷል።

ሴንቻ የየዕለቱ ሻይ ነው። ፀሐይ ላይ ያድጋል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ እየታሸ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1738 ኪዮቶ አጠገብ፣ ኡጂ አካባቢ፣ ናጋታኒ ሶኤን የሚባል ገበሬ እንዳሳመረው ይነገራል። ዛሬ በጃፓን የሻይ ማሳ ላይ በብዛት የምታገኚው ዝርያ ያቡኪታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሺዙኦካ ውስጥ ሱጊያማ ሂኮሳቡሮ የመረጠው ነው። ብርዱን ይችላል፣ ምርቱም ጥሩ ነው። ገበሬው ስለወደደው አገሩን ሞላው። እሽጉ ላይ የዝርያ ስም ካልተጻፈ ያቡኪታ ነው ብለሽ ብትገምቺ ብዙ ጊዜ አትሳሳቺም። ለጀማሪ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ከሱ ጋር ታወዳድሪዋለሽ።

እኔ ያልኩሽ ግን ዝም ብሎ ሴንቻ አይደለም፤ ፉካሙሺ ሴንቻ ነው። ተራው ሴንቻ እንፋሎት ላይ የሚቆየው ከ30 እስከ 40 ሰኮንድ ያህል ነው። ፉካሙሺ ከአንድ ደቂቃ በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ዘዴው የመጣው ከሺዙኦካ፣ ከማኪኖሃራ አካባቢ ነው። እዚያ ፀሐዩ ጠንካራ ስለሆነ ቅጠሉ ወፍራምና መራራ ይሆን ነበር። ረዘም አድርገው በእንፋሎት ሲያበስሉት ምሬቱ ረገበ፣ ጣፋጭነቱ ወጣ። ለአንቺ የሚመቸው ለዚህ ነው። በሙቀቱ ትንሽ ብትሳሳቺም ይቅር ይልሻል። ቀጭኑ፣ አጭር እንፋሎት ያየው የተራራ ሴንቻ መዓዛው የላቀ ነው፤ እኔ ራሴ የምመርጠው እሱን ነው። ግን እጅ ይጠይቃል። ለሁለተኛው ዓመት አቆዪው።

እሽጉን ስትከፍቺ እንዳትደነግጪ። የፉካሙሺ ቅጠል ተሰባብሮ ዱቄት ቀላቅሎ ታገኚዋለሽ። ብርጭቆው ውስጥም ጥርት ያለ ሳይሆን ደፍረስ ያለ፣ ደማቅ አረንጓዴ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ቅጠሉ እንፋሎት ላይ ረዘም ብሎ ስለቆየ ስስ ሆኖ ነው። «ወንድሜን አታለሉት» እንዳትይ።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ግራም ገደማ። ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ሁለቴ የተገለበጠ። ለፉካሙሺ ከ30 እስከ 45 ሰኮንድ፣ ለተራው ሴንቻ አንድ ደቂቃ። ከዚያ በደቃቅ ማጥለያ ወደ ስኒ ትቀጂዋለሽ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ። ይህቺን ነገር አትናቂያት። ቅጠሉ ላይ ውሃ ከቀረ መራሩን መልቀቁን ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ዙር ይበላሻል። ለሁለተኛው ዙር ውሃው ትንሽ ሞቅ ይበል፤ ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ ይበቃል፣ ቅጠሉ አስቀድሞ ተከፍቷልና። ሦስተኛም ይወጣዋል። መቶ ግራም ማለት እንግዲህ 20 ጊዜ፣ በየጊዜውም ሁለት ሦስት ዙር ነው። ርካሽ ነው ማለት ይቻላል።

ዕቃ የለኝም ያልሽው አያሳስብሽ። ሁለት ብርጭቆና አንድ ደቃቅ ማጥለያ ይበቃሻል። ጀበና ግን አትጠቀሚ፤ የቡና ሽታው ሻዩን ይውጠዋል። ወንድምሽ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለው ክዩሱ የምትባለውን በጎን እጀታ ያላትን ትንሽ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ያምጣልሽ፤ የቶኮናሜ ሸክላ ስሙ የታወቀ ነው። ውስጧ የብረት ወንፊት ያላት ትሁን፤ የፉካሙሺ ድቃቂ አፏን እንዳይደፍነው። ግራኝ ከሆንሽ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪው። የክዩሱ እጀታ የሚሠራው ለቀኝ እጅ ነው፤ የግራው ለብቻው ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

ከሰዓት በኋላ በቡና ቦታ የሚገባልሽ ግን ሆጂቻ ነው። ሆጂቻ የተቆላ አረንጓዴ ሻይ ነው። ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የተለቀመ ቅጠልና ግንዱ በከፍተኛ ሙቀት ይቆላና ቡናማ ይሆናል። ቡና ሲቆላ ለሚያድግ ሰው ይህ ሽታ ባዕድ አይደለም። የሣሩ ሽታ ጠፍቷል፣ ምሬቱም አብሮ ሄዷል። ውሃ ማቀዝቀዝ የለ፣ ሰዓት መቁጠር የለ፤ የፈላውን ውሃ ታፈሺበታለሽ፣ 30 ሰኮንድ ትጠብቂያለሽ፣ አለቀ። ከኢትዮጵያዊ ምላስ ጋር ቶሎ የሚግባባ ከነዚህ ሁሉ እሱ ነው ባይ ነኝ። ጃፓኖችም ለሕፃንና ለሽማግሌ፣ ከእራት በኋላም የሚያቀርቡት ይህንኑ ነው።

የካፌይኑን ነገር በቁጥር እንየው። በጃፓን መንግሥት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ መሠረት 100 ሚሊ ሊትር ቡና 60 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን አለው። ሴንቻም ሆጂቻም 20 ናቸው። ባንቻ (ዘግይቶ ከተለቀመ ቅጠል የሚሠራው ተራ ሻይ) እና ጌንማይቻ 10። ጊዮኩሮ ደግሞ 160! የጊዮኩሮው ቁጥር የበዛው በጣም ትንሽ ውሃ በብዙ ቅጠል ስለሚዘጋጅ ነው፤ የሚጠጣውም ጥቂት ጉንጭ ነው። ቢሆንም «አረንጓዴ ሻይ እንቅልፍ አይከለክልም» የሚለውን ወሬ ዝም ያሰኘዋል። ሆጂቻ ራሱ ካፌይን የለሽ አይደለም። አንድ ስኒ ከሰዓት አብዛኛውን ሰው አይነካውም፤ ማታ ሦስት ብርጭቆ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቺ በጣም የሚሰማሽ ከሆነ ከሆጂቻ ይልቅ ባንቻ ወይም ጌንማይቻ ይግዛልሽ።

ጌንማይቻ አረንጓዴ ሻይ ከተቆላ ሩዝ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሽታው ቆሎ ነው፤ ሌላ ቃል አላገኝለትም። ርካሽ ነው፣ ደግ ነው፣ የፈላ ውሃም ይችላል። ሦስተኛ እሽግ የሚሆን ገንዘብ ካለው ይህን ይጨምርበት። ማቻ የተነሰነሰበት ጌንማይቻም አለ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም፣ ካፌይኑ ግን ይጨምራል። ኩኪቻ የሚባለው ከግንዱ የሚሠራው ደግሞ ቀለል ያለና ጣፋጭ ነው፤ ካገኘው ጥሩ፣ ካላገኘው አይቆጭሽ።

አሁን ለምን ጊዮኩሮን እንዳስቀረሁት። ከመለቀሙ በፊት ለ20 ቀን ያህል ማሳው ጥላ ይሸፈናል። ቲአኒን በፀሐይ ብርሃን ወደ ካቴኪን ስለሚለወጥ፣ ጥላው ይህን ያግደዋል። ውጤቱ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ከሻይ ይልቅ ሾርባ የሚመስል ነው። ፉኩኦካ ውስጥ ያለችው ያሜ በዚህ ትታወቃለች፣ ኡጂም እንደዚሁ። ድንቅ ሻይ ነው። ነገር ግን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ውሃ፣ ትንሽ ዕቃና ትዕግሥት ይፈልጋል። ለጀማሪ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ አንዴ ፉት ይልና «ይሄ የባህር አረም ነው እንዴ?» ይላል። ዋጋው ደግሞ የሴንቻ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። መካከለኛውን መንገድ ከፈለግሽ ካቡሴቻ አለልሽ፤ ጥላ ሥር የሚቆየው ለአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው፣ አያያዙም እንደ ሴንቻ ነው።

ማቻ ላይ ግን ትንሽ ልቆጣ። ዛሬ ሁሉም ሰው የጃፓን ሻይ ሲባል ማቻ ነው የሚመጣበት። ማቻ ሌላው ሁሉ ከሚዘጋጅበት መንገድ የወጣ ነው። ጥላ ሥር ያደገው ቅጠል ሳይታሽ ደርቆ፣ ግንዱና ጅማቱ ተለቅሞ፣ ይፈጫል። የድንጋይ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ እውነተኛው ማቻ ርካሽ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ፍላጎት ድንገት ሲያድግ የኡጂ ታዋቂ ሱቆች ለአንድ ሰው የሚሸጡትን እስከ መገደብ ደርሰው ነበር። ይህ እጥረት ባለበት ቆርቆሮው ላይ «የሥነ ሥርዓት ደረጃ»፣ ማለትም ለጃፓን የሻይ ሥነ ሥርዓት የሚበቃ፣ የሚል ጽሑፍ ታያለሽ። ይህን ስያሜ የሚቆጣጠር ሕግ የለም፤ ሻጩ ከፈለገ ይለጥፈዋል። ተራ ሴንቻ ተፈጭቶም «የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት» ተብሎ ይሸጣል፤ ያ ማቻ አይደለም።

ጥሩውን ብታገኚ እንኳ ሥራ ነው። ሁለት ግራም ትነፊያለሽ፣ 70 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ትጨምሪያለሽ፣ በቀርከሃ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ ትመቺዋለሽ። ቅጠሉን ራሱን ስለምትጠጪው ካፌይኑ 60 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ቡና ማለት ነው። ቡና ሸሽተሽ ወደ ማቻ መሄድ ትርጉም የለውም። ከተከፈተ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴነቱ ይደበዝዛል። ከወተትና ከስኳር ጋር በካፌ የሚሸጠውን ከወደድሽው ጠጪው፣ ማንም አይከለክልሽም፤ እሱን ለመሥራት ግን ወንድምሽ ውዱን ማምጣት የለበትም።

ወደ ግዢው እንመለስ። ወንድምሽ የሻይ ሱቅ ይሂድ፤ የአየር ማረፊያውን ስጦታ መደርደሪያ ይዝለለው፣ እዚያ የሚከፈለው ለሳጥኑ ነው። ከ1,000 እስከ 1,500 የን አካባቢ የሚሸጥ 100 ግራም ሴንቻ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። ሆጂቻው ከዚያ ይረክሳል። የተመረተበት ቦታ ሺዙኦካ ወይም ካጎሺማ ቢል ደስ ይለኛል። ሺዙኦካ ለረጅም ዘመን አንደኛ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ካጎሺማ በምርት መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደመቻት። የካጎሺማው ቀለሙ ደመቅ፣ ጣዕሙ ጣፈጥ ይላል፤ ሺዙኦካ መዓዛ ላይ ትበልጣለች። የእሽጉ ጠርዝ ላይ ያለውን ቀን ያንብብ፤ ቅርብ ጊዜ የታሸገውን ይውሰድ። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ የሚመጣ ከሆነ ሺንቻ፣ ማለትም የዓመቱ የመጀመሪያ ለቀማ፣ ሱቅ ውስጥ ይኖራል። ያን ጊዜ ሌላውን ትቶ እሱን ቢገዛ አልቃወምም።

ቤት ሲደርስ የሻዩ ጠላት ብርሃን፣ እርጥበት፣ አየርና ሽታ ነው። በተለይ ሽታ። ሻይ ቅጠል አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይስባል፤ በርበሬና ኮረሪማ ያለበት ቁምሳጥን ውስጥ ካስቀመጥሽው የበርበሬ ሴንቻ ትጠጫለሽ። አንዱን እሽግ ክፈቺ፣ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ አድርጊው፣ በአንድ ወር ገደማ ጨርሺው። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ልትከፍቺው ስትይ ግን አስቀድመሽ አውጥተሽ ውጭ አሳድሪው፤ ቀዝቃዛ ቅጠል አየር ሲነካው ይረጥባል።

ውሃሽንም እዪው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃው ማዕድን የበዛበት ነው፤ ሴንቻ በእሱ ደብዛዛና ጣዕም የለሽ ይሆናል። የጃፓን ውሃ ማዕድኑ አነስተኛ ነው፣ ሻያቸውም የተሠራው ለእሱ ነው። ለንደን ያሉ ዘመዶቻችን ማዕድን የበዛበትን ውሃ ችግር በደንብ ያውቁታል። ማዕድኑ አነስተኛ የሆነ የታሸገ ውሃ ሞክሪ።

አንድ የጤና ነገር አለ፤ በተለይ በጾም ወራት። በሻይ ውስጥ ያለው ካቴኪንና መሰሎቹ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ከምናገኘው ብረት ሰውነት የሚወስደውን ይቀንሳሉ። ቡናም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ። የደም ማነስ ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ብዛቱን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። «ያከሳል» የሚለውን ግን እርሺው። በሻይ ብቻ የሚከሳ ሰው የለም።

ስኳር ልጨምር ካልሽ ሆጂቻው ላይ ጨምሪ፤ ወተትም ይስማማዋል። ሴንቻው ላይ ግን ለመጀመሪያው ሳምንት ባዶውን ሞክሪው። ሙቅ ውሃውን ካልቻልሽበት ሌላ መንገድ አለልሽ፦ 10 ግራም ሴንቻ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ተዪው፣ ከዚያ አጥልዪው። ቀዝቃዛ ውሃ ካቴኪኑንና ካፌይኑን እምብዛም ስለማያወጣ ጣፋጭ ይሆናል፣ ለእንቅልፍሽም ይቀላል። በዚያው ቀን ጨርሺው።